ያልተፈለገ አባትነት በሕግ ፊት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በተማሪዎች መኝታ ቤትና በሻይ ቤት ዘወትር የሚነሣ፥ በትምህርት ክፍል ውስጥ ግን እምብዛም የማይነገር ነው። ይኸውም አንድ ወንድ አባት ለመሆን ሳይፈልግ ሕግ «የዚህ ልጅ አባት አንተ ነህ» ሊለው የሚችለው መቼና በምን ምክንያት ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ጓደኞቻችን ሲከራከሩበት እንደምንሰማው፥ አንደኛው ወገን «መውለድ አለመውለዱን ሴቲቱ ብቻዋን የምትወስነው ከሆነ ቀለቡን ለምን ወንዱ ይከፍላል?» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሲተኛ ያልጠየቀ ሲወለድ ምን አስጠየቀው?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሳቅ ይሆንና ነገሩ ይበተናል። ሕጉን ገልጦ ያነበበ ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ያገራችንን ሕግ፥ ከዚያም በአሜሪካና በፈረንሳይ አገር የተደረገውን እያየን፥ የመሰለንንም በየስፍራው እንናገራለን።

ከሁሉ በፊት ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። እናትነትና አባትነት በሕግ ዘንድ የሚታወቁበት መንገድ አንድ አይደለም። ሴትን መውለዷ ብቻ እናት ያደርጋታል፤ በኢትዮጵያ ሕግ ከዚህ በቀር ሌላ ምክንያት አይፈለግም። አባትነት ግን በዐይን አይታይም። «እናት እውነት፥ አባት እምነት» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን እንኳ የፈረደው በሁለት እናቶች መካከል እንጂ በሁለት አባቶች መካከል አልነበረም፤ አባቶች ቢሆኑ ኖሮ ሰይፍ ማስመጣቱ ምን ይረዳው እንደ ነበረ እንጃ። ሕግ ይህን ጨለማ ለመሻገር የሠራው መሣሪያ «የሕግ ግምት» ይባላል፤ ያልታየውን ነገር ከታየው ነገር ተነሥቶ እንደ ታወቀ አድርጎ መቍጠር ማለት ነው።

ረኔ ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሆነ። ይህ ሕግ ለአባትነት ሦስት በሮች ከፍቶ ነበር። በመጀመሪያው በር የሚገባው ባል ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሆነው አብረው የሚኖሩትም እንዲሁ ናቸው። ሁለተኛው በር ወንዱ ራሱ «ልጄ ነው» ብሎ ሲቀበል የሚከፈት ነው። ሦስተኛው የዳኛ ውሳኔ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሦስተኛው በር እጅግ ጠባብ ነበረ። በቍጥር 758 እንደ ተጻፈው፥ ዳኛ አባትነትን ለማወጅ የሚችለው እናቲቱ ልጁን በፀነሰችበት ጊዜ የተጠለፈች ወይም የተደፈረች እንደ ሆነ ነው። ከጋብቻና ከዚያ ከመሰለው አብሮ መኖር ውጭ ያለ የሥጋ ግንኙነት በሕግ ፊት ምንም ውጤት እንደሌለውም ሕጉ በቍጥር 721 ተናግሮ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ እናሳይ። ከበደና አልማዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ ይፋቀራሉ፤ አንድ ቤት ግን አይኖሩም። አልማዝ ፀነሰች። ከበደ የልጁ አባት መሆኑን ከልቡ ያውቃል፤ ጎረቤትም ያውቃል፤ የልጁ መልክም ይመሰክራል። በ1953ቱ ሕግ ከበደ ዝም ቢል አባት አይደለም። አልማዝ ከሳ ምስክር ብታቆም ዳኛው «ተደፍረሻል ወይስ ተጠልፈሻል?» ብሎ ይጠይቃታል፤ «ሁለቱም አይደለም፤ ተዋደን ነው» ያለች እንደ ሆነ መዝገቡ ይዘጋል። ልጁም በሕግ የእናቱ ልጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የዚህን ድንጋጌ ዘር ለማግኘት ወደ ፈረንሳይ መመለስ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1804 ዓ.ም. የወጣው የናፖሌዎን ሕግ አባትን መፈለግ ክልክል ነው ብሎ በአጭር ቃል ደንግጎ ነበር፤ ጠለፋ ሲኖር ብቻ ትንሽ ቀዳዳ ይተው ነበር። ምክንያቱ የሀብታም ቤተ ሰብን ከክስና ከነውር ለመጠበቅ፥ እንዲሁም በዚያ ዘመን አባትነትን የሚያረጋግጥ ዕውቀት ስላልነበረ ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ከኖሩበት በኋላ በ1912 ዓ.ም. በሩን ከፈቱት። አምስት ምክንያቶችን ዘርዝረው ከነዚህ አንዱ የተገኘ እንደ ሆነ እናቲቱ ወይም ልጁ ሊከስ ይችላል አሉ። እኛ ዘንድ የ1953ቱ ሕግ ሲጻፍ ጠባቡ መንገድ ተመረጠ።

ከዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ አንዳንድ ወንዶች እንደ አዲስ መብት የሚጠይቁት ነገር ባገራችን አርባ ዓመት ያህል ሕግ ሆኖ ኖሯል።

የአሜሪካኖቹን ክርክር ባጭሩ እንንገር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በሚሺጋን ግዛት የሚኖር አንድ የ25 ዓመት የኮምፒዩተር ባለሙያ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ወዳጁ የነበረችው ሴት ልጅ መውለድ እንደማትችል፥ ደግሞም ለጥንቃቄ የወሊድ መከላከያ እንደምትወስድ ነግራው ነበር፤ እርሱም አባት ለመሆን እንደማይፈልግ አስቀድሞ አስታውቋት ነበር ይላል። ልጅ ሲወለድ ግዛቱ ቀለብ እንዲከፍል አዘዘው። የርሱ ክርክር እንዲህ ነበር፤ ሴት ካረገዘች በኋላ እንኳ እናት ላለመሆን የምትመርጥበት መንገድ አላት፤ ወንድ ግን የለውም፤ ስለዚህ ሕጉ ሁለቱን እኩል አልጠበቀም። ደጋፊዎቹ ክሱን የ1973ቱን የውርጃ መብት ፍርድ ስም ሰጥተው «የወንዶች ሮ እና ዌድ» ይሉት ነበር። በ2007 ዓ.ም. የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ያደረገውን የሥር ፍርድ አጸናው። የሴቲቱ መብት ከመንግሥት ጣልቃ ገብነት የሚጠብቃት እንጂ ወንዱን ከልጁ ቀለብ የሚያሳርፍ ምሳሌ አይሆንም የሚል ነው የነገሩ ፍሬ። ያ የ1973ቱ ፍርድ ራሱ በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ተሻረ፥ ክርክሩ የቆመበት አንደኛው እግር ዛሬ በብዙ ግዛቶች ተሰብሯል።

ይህ የመጀመሪያው ክስ አልነበረም። በኒው ዮርክ አንድ ዝነኛ የነበረ የፖሊስ ሰው «መድኃኒት እወስዳለሁ ብላ አታላኛለች» ብሎ ተከራክሮ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት አሸንፎ ነበር። ጠበቃው ካረን ዲክሮው ነበሩ። እኒህ ሴት ትልቁን የአሜሪካ የሴቶች መብት ማኅበር ከ1974 እስከ 1977 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት የመሩ ናቸው፤ ነገሩን የወንድና የሴት ጠብ ብቻ አድርገው ለሚያዩት ጓደኞቻችን ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1983 ዓ.ም. ግን የግዛቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማታለል ተደርጎም ቢሆን የቀለቡ ልክ የሚመዘነው በልጁ ፍላጎትና በወላጆቹ አቅም ነው እንጂ በእናቲቱ ጥፋት አይደለም ብሎ ፈረደ።

በስዊድንም በ2016 ዓ.ም. የሊበራሎቹ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ የምዕራብ ቅርንጫፍ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ወንዱ እስከ 18ኛው የእርግዝና ሳምንት ድረስ መብቱንም ግዴታውንም በጽሑፍ ሊተው ይችል ዘንድ። ሕግ አልሆነም።

አሁን ወደ ከበደ እንመለስ። ሚሺጋኑ ሰው ለመፈረም የጠየቀውን ወረቀት የ1953ቱ ሕግ ለከበደ ያለ ፊርማ ሰጥቶት ነበር። ታዲያ የተገኘው ነጻነት ለማን ሆነ? ከበደ ነጻ ሆነ። አልማዝ ብቻዋን አሳደገች። ልጁ ደግሞ ያጣው ወርኃዊ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ባገራችን አባት ማለት የሰው ሁለተኛ ስሙ ነው። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፥ መታወቂያ ሲወጣ፥ ሲያገባ «የአባት ስም» ተብሎ ይጠየቃል፤ አባቱ ያልተቀበለው ልጅ በእናቱ አባት ስም መጠራቱ በየሰፈሩ የታወቀ ነገር ነው። ከዚህም በላይ ውርስ አለ፤ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው። ቀለብም ቢሆን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ አባት ለልጁ እንደሚከፍል ሁሉ ልጅም ሲያድግ ለደከመ አባቱ ሊከፍል ግዴታ አለበት። ስለዚህ በአሜሪካ አገር ጥያቄው በአብዛኛው «ገንዘቡን ማን ይክፈል?» የሚል ሲሆን፥ እኛ ዘንድ «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ይሆናል። የነሱን ክርክር እንዳለ ቀድተን ወደኛ ሻይ ቤት ብናመጣው የማይስማማን በዚህ ምክንያት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይህ ከተባለ በኋላ ቍጥር 758 እንደ ቀድሞው ሊቈይ አይችልም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሦስተኛውን በር አሰፋው። ሕጉ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ አማራ፥ ኦሮሚያ፥ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በአንቀጽ 143 የተዘረዘሩት ምክንያቶች አምስት ናቸው፤ እናቲቱ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ እንደ ሆነ፤ በሥልጣን መከታ፥ አገባሻለሁ በሚል ተስፋ ወይም ይህን በመሰለ ሆን ተብሎ በተደረገ ማታለል ተደልላ እንደ ሆነ፤ አባት ነው የተባለው ሰው አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያስረዳ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ጽፎ እንደ ሆነ፤ በእርግዝናው ዘመን ሁለቱ በሕግ የታወቀ ግንኙነት ሳይኖራቸው አብረው እየኖሩ በተከታታይ የሥጋ ግንኙነት አድርገው እንደ ሆነ፤ እንዲሁም ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመንከባከብና በማሳደግ ተካፍሎ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ዝርዝር ከ1912ቱ የፈረንሳይ ዝርዝር ጋር ያስተያየ ሰው ሁለቱ እጅግ እንደሚመሳሰሉ ያያል። የሚገርመው ፈረንሳዮች ዝርዝሩን በ1993 ዓ.ም. ትተውት ነበር፤ የደም ምርመራ አባትን በርግጥ ሊያሳይ ከቻለ እናቲቱ እንዴት እንደ ተታለለች መጠየቅ ምን ያደርጋል ብለው ነው። በ2000 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ ክስ ምርመራውን መጠየቅ መብት ነው አለ፤ ዳኛው የሚከለክለው በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት እኛ ዝርዝሩን ተቀበልን።

ዝርዝሩን ደጋግመን ስናነበው ያሳሰበን አምስተኛው ምክንያት ነው። ሁለት ወንዶች አሉ እንበል፤ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ነገር ልጅ ወልደዋል። አንዱ አዝኖ ወተት ይገዛል፥ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወስዳል፥ በልደቱ ቀን ይመጣል። ሌላው ስልኩን ቀይሮ ይጠፋል። እንደ ጽሑፉ የመጀመሪያው በፍርድ አባት ሊባል ይችላል፤ ሁለተኛው አልጻፈም፥ አልተስፋም፥ አብሮ አልኖረምና ከአምስቱ በአንዱም አይያዝም። ሕግ አውጪው ይህን ማለቱ እንዳልሆነ እናምናለን፤ ማስረጃ ሲፈልግ ግን ያገኘው ደግነትን ነው።

ወዶ መቀበልም የሚያስከትለው ነገር ስላለ ወንድ ተማሪዎች ቢያውቁት መልካም ነው። «ልጄ ነው» የሚለው ቃል በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው ክፍል በተረጋገጠ ጽሑፍ የተሰጠ እንደ ሆነ በኋላ ተጸጸትኩ ተብሎ አይሻርም። ተሳስቼ ወይም ተታልዬ ነው የሚል ሰው ልጁ ከርሱ ሊፀነስ እንደማይችል በማያጠራጥር ማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ስለ መድኃኒት ተዋሽቼ ነበር ማለት አይበቃም። በአንጻሩ መቀበል የሚፈልግ ወንድ ደግሞ ብቻውን አይበቃም፤ እናቲቱ ቃሉ እውነት ነው ብላ ካልተቀበለችው ውጤት የለውም። ስለ ወንዶች መብት የሚናገሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት አባት ላለመሆን የሚፈልገውን ነው፤ አባት ልሁን ብሎ በር ላይ የቆመውን ግን ይረሱታል።

የባልየው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የከበደ ይመስለናል። ከጋብቻው በኋላ 180 ቀን ካለፈ ጀምሮ፥ ጋብቻው ከፈረሰም እስከ 300 ቀን ድረስ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደ ተፀነሰ ይገመታል። ባል ልጅነትን ለመካድ ከፈለገ ልጁ ከመወለዱ በፊት ባሉት በ300ኛውና በ180ኛው ቀን መካከል ከሚስቱ ጋር አለመገናኘቱን ማስረዳት አንዱ መንገድ ነው። ይህ 120 ቀን ያህል ነው፤ በሩቅ አገር የነበረ ወይም በእስር የቈየ ሰው ካልሆነ በቀር በአንድ ቤት የሚያድር ባል ይህን እንዴት ያስረዳል? ሌላው መንገድ የሕክምና ምርመራ ነው። የቀድሞው የደም ዓይነት ምርመራ «አይደለም» ሊል ይችል ነበር እንጂ «ነው» ሊል አይችልም ነበር፤ ለምሳሌ ደሙ ኤቢ የሆነ ወንድ ደሙ ኦ የሆነ ልጅ አይወልድም፤ የልጁና የሰውየው ደም ቢስማማ ግን ያው ዓይነት ደም ያለው ሌላ ሺ ሰው አለ። በ1984 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የዲ ኤን ኤን አሻራ ማንበብ ከቻሉ በኋላ ነው «ነው» ለማለትም የተቻለው።

ነገር ግን ዕውቀቱ ቢኖርም ቀኑ ያልፋል። የመካድ ክስ የሚቀርበው ባልየው ልጁ መወለዱን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቈጠረው መወለዱን ካወቀ ጀምሮ እንጂ ጥርጣሬው ከገባው ጀምሮ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በልጁ አምስተኛ ዓመት እውነቱ የተገለጠለት ባል ከበሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ነገር በመካከላችን ተከራክረን አልተስማማንም። ከፊላችን አምስት ዓመት «አባዬ» ብሎ የጠራውን ልጅ በወረቀት ማስካድ ጭካኔ ነው ብለዋል፤ ከፊላችን ደግሞ ያልጠረጠረ ሰው ሳይጠረጥር በመቅረቱ መቀጣቱን አልወደዱም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች የሚበዙት ጊዜው እውነቱ ከታወቀ ጀምሮ ይቈጠር፤ ነገር ግን ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ማንም አይካደው የሚለውን ይመርጣሉ።

ስለ ውርጃ የሚነሣውን እዚህ ላይ ባጭሩ እንለፈው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናን ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር የወንዱን ፈቃድ የሚጠይቅ ቃል የለበትም። በአሜሪካም የባል ፈቃድ በ1976፥ ለባል ማስታወቅ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነው ነበር። ፅንሱ ያለው በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ ስለ ሆነ ከዚህ ሌላ ፍርድ አይታየንም። የወንዱ ፈቃድ የሚገባው ከዚያ በፊት ነው፤ መሣሪያውም ኮንዶምና የዘር መተላለፊያ ቱቦን ማስቋጠር ብቻ መሆኑ፥ ሌላ እስካሁን በሰፊው አለመገኘቱ ከሕግ ሊቃውንት ይልቅ የሳይንስ ተማሪዎችን ሊያሳስብ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የኛ አሳብ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ በአንቀጽ 143 ያለው ዝርዝር ይቅርና ዳኛው ወደ ምርመራው ይሂድ። ከበደ አባት ከሆነ አባት ነው፤ ወተት ገዛም አልገዛም። ይህን ስንል ግን በ1993 ዓ.ም. የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረደው ነገር ይቈጠቍጠናል። አንድ ሕፃን ልጅን እንድትጠብቅ የተቀጠረች የ16 ዓመት ልጃገረድ የ12 ዓመቱን ልጅ ወደ ግንኙነት አስገባችው፤ ልጅ ተወለደ። በዚያ ግዛት ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ ሊፈቅድ አይችልም፤ የተደረገበትም ወንጀል ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ፈቃድ ኖረ አልኖረ ለቀለብ ጉዳይ አያገባም፤ የተወለደው ሕፃን ከሁለቱ ወላጆቹ የመረዳት መብት አለው ብሎ ልጁን ቀለብ ከፋይ አደረገው።

የኛ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 621 ወንድን አስገድዳ ከራሷ ጋር እንዲገናኝ ያደረገች ሴት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደምትቀጣ ይናገራል። ስለዚህ ሕጋችን ወንድም ሊገደድ እንደሚችል ያውቃል። የቤተሰብ ሕጉ ግን የተደፈረችውን ሴት እንጂ የተገደደውን ወንድ አያነሣም። ዛሬ ይህን ሰው የሚያድነው ያ ጠባብ ዝርዝር ነው፤ በአምስቱ ውስጥ የለምና ዳኛ አባት ሊለው አይችልም። ዝርዝሩ ተሽሮ ሁሉ በምርመራ ይታወቅ የምንል ሰዎች፥ ለተገደደውና ዕድሜው ላልደረሰው ወንድ የተለየ አንቀጽ ሳንጽፍ ዝርዝሩን ብናነሣው የካንሳሱን ልጅ ዕጣ ወዳገራችን እናመጣዋለን። አንቀጹ እንዴት ይጻፍ? ሰውየው ከቀለብ ብቻ ነጻ ይሁን፥ ወይስ ከስምና ከውርስም? ከስሙ ነጻ ቢሆን ልጁ በማን ስም ይጠራል? በዚህ ላይ የሕግ መምህራኖቻችን በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ደስ ይለናል።